ከቸርችል ጀርባ ስንት ልጅ ቀረ?

የመሀል አራዳ ትንንሽ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚመዘኑት በተማሪ ቁጥር ነው፤ ገንዘብ የሚመደብላቸውም በተማሪ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ግን ብዙ ጊዜ ከግቢው አጥር ውጭ ያለ ጉዳይ ነው።

ከማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ቁልቁል ላየ ሰው ቸርችል ጎዳና እስከ ለገሀር ተዘርግቶ ይታያል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግን ከሕንጻዎቹ ይልቅ የልጆቹን አካሄድ ማየት ይበልጥ ይነግራል። የግል ትምህርት ቤት ሰርቪሶች ልጅ ጭነው ያልፋሉ። ሊሴ ገብረማርያም በር ላይ ከቤት መኪና የሚወርዱ ልጆች አሉ። ሌሎቹ በእግራቸው ናቸው፤ ከእሪ በከንቱ በኩል፣ ከሠራተኛ ሰፈር በኩል፣ ከጊዮርጊስ ጀርባ ይመጣሉ። ከተማው ያደለውን የደንብ ልብስ ለብሰው፣ አንዳንዶቹ ታናሽ ወንድማቸውን እጁን ይዘው፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚገባ ኮብልስቶን ይታጠፋሉ።

የሚገቡበት በር ላይ ያለው ሰሌዳ በአብዛኛው «የመጀመሪያና መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት» ይላል። ግቢው ጠባብ ነው። መሬት በካሬ ሜትር በሚለካበት አራዳ የትምህርት ቤት ሜዳ ማለት የሰንደቅ ዓላማ ምሰሶ፣ የመረብ ኳስ መጫወቻና ሰልፍ የሚያሲዝ ስፋት ነው። ከዚያ የሚተርፍ ቦታ ካለ ርዕሰ መምህሩ ዕድለኛ ነው።

የመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ እንደሚያስተምር ሁሉም ያውቃል። ፒያሳ እንደፈረሰም ያላየ የለም። ሁለቱ ነገሮች አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ የስም መጥሪያ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ግን ብዙም አይነገርም።

ሰባትና ስምንት

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን ለብቻ ነጥሎ «መካከለኛ ደረጃ» ማለት ለወጣት ወላጆች አዲስ ነገር ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ያለውን በአንድ አጠቃልሎ የመጀመሪያ ደረጃ ብሎት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ወደ ክፍል የገባው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ነገሩን ወደ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት መለሰው። መለሰው ያልኩት በንጉሡ ዘመን ማብቂያና በደርግ ጊዜ የተማረው ትውልድ በዚሁ አከፋፈል ስላለፈ ነው፤ ያኔ ሁለቱ ዓመታት መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባሉ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ማለፍ በሰፈር ምን ያህል ያስከብር እንደነበር አባቶችና እናቶች ዛሬም ያወራሉ።

በአዲስ አበባ እነዚህ ሁለት ዓመታት ቀላል አይደሉም። እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ ሰባተኛ ሲገባ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ስድስተኛን በከተማ አቀፍ ፈተና አልፎ ይመጣል፤ ስምንተኛ ላይ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ዕድሜውም አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ነው፤ ድምፁ የሚጎረንንበት፣ ከቤት ይልቅ ጓደኛውን የሚሰማበት ጊዜ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር ደግሞ የታተመ መጽሐፍ አልደረሰም። ልጆቹ አጠቃላይ ሳይንስን በቴሌግራም በተላከ ፒዲኤፍ፣ በእናታቸው ስልክ ስክሪን ላይ ያነቡ ነበር። ስልክ የሌላት እናት ልጅ ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል።

የእነዚህን ሁለት ክፍሎች መምህራን ስለ ተማሪዎቻቸው ስትጠይቋቸው ከትምህርቱ በፊት የሚያነሱት ማን እንደቀረና ማን እንደመጣ ነው።

የቤት ቁጥር የሚለው ዓምድ

ትምህርት ቤት ልጆቹን የሚቆጥረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የሪከርድ ክፍሉ መስኮት ይከፈታል፤ በመስኮቱ ፊት ወላጅ ይሰለፋል። እጅ ላይ ያለው የዓመቱ ካርድ፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ ጉርድ ፎቶና ሕዝቡ እስካሁን «የቀበሌ» እያለ የሚጠራው መታወቂያ ነው። የመዝገቡ ሠራተኛ ስም ከነአያት፣ ጾታ፣ ዕድሜ እያለ ይሞላል። ከዚያ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር ይላል። በመሀል አራዳ እስክሪብቶው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ፈርሷል፣ ቁጥሩ ግን መታወቂያው ላይ አለ። አዲሱ ቤት ገና ቁጥር አልወጣለትም። ወይም ልጁ ያደረው አክስቱ ቤት ነው፤ አክስቲቱም ደባል ናት።

መስኮቱ ላይ የሚመጣው ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። መሸኛ ሊያስጽፍ የሚመጣ አለ፤ ቤተሰቡ ወደ ከተማው ዳር ተዛውሯል። ከግል ትምህርት ቤት የሚመጣ አለ፤ እሱን የሚያመጣው የክፍያ ጭማሪ ነው። የግል ትምህርት ቤቶች ጭማሪ ይጠይቃሉ፣ የከተማው ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ወላጅና ትምህርት ቤት ተወያይተው እንዲስማሙ ያደርጋል፤ ያልተስማማ ወላጅ ልጁን ይዞ ወደዚህ ሰልፍ ይመጣል። እነዚህ ወላጆች መጀመሪያ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚናገሩት። እንደ ሽንፈት ይቆጥሩታል። ለመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ስም ያወጣነው እኛው ነን።

ሦስተኞቹ ወረቀት የላቸውም። ከሰሜን ሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጉራጌ፣ ከጋሞ ዘመድ ይዞ ያመጣቸው ልጆች ናቸው። አንዳንዷ የሰው ቤት ትሠራለች፤ ቀን ካልተፈቀደላት የማታ ትመዘገባለች። አንዳንዱ ከትምህርት መልስ ሊስትሮ ሳጥኑን ይዞ ቸርችል ላይ ይቀመጣል። ካርዳቸው የተማሩበት ገጠር ቀርቷል፤ እዚያም ጦርነት ወይም ግጭት ካለ ማን ሄዶ ያመጣዋል? ጎበዝ የሪከርድ ሠራተኛ መላ አያጣም፤ በጊዜያዊነት ይመዘግብና «ካርዱ ይምጣ» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል።

> ቤቱ ፈርሷል፣ ቁጥሩ ግን መታወቂያው ላይ አለ።

የማይወልድ ከተማ

አዲስ አበባ ልጅ የምታገኝበት መንገድ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2016 የተደረጉት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች በሙሉ የሚያሳዩት አንድ የአዲስ አበባ ሴት በአማካይ ከሁለት ልጅ በታች እንደምትወልድ ነው። በአፍሪካ እንዲህ ዝቅ ያለ ከተማ በጣት የሚቆጠር ነው። የቤት ችግር፣ ዘግይቶ ማግባትና ኑሮ ውድነት ይህን አድርገዋል። እንዲያም ሆኖ ከተማዋ ትሰፋለች፤ የምትሰፋው ከክፍለ ሀገር በሚመጣ ሰው ነው። የሚመጣው ሰው ደግሞ ኪራይ ወደሚረክስበት ዳር ይሄዳል እንጂ መሀል አይገባም።

መሀሉ ላይ ልጅ ያቆየው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ በወር ከመቶ ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ እዚያው ላይ ቆሞ ቀረ። ስለዚህ የቀን ሠራተኛው፣ ጉልት ነጋዴዋ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ጡረተኛው ወታደር ከአገሪቱ ውድ ገበያ ሁለት እርምጃ ርቀው በጥቂት ብር መኖር ቻሉ። አንድ ክፍል ቤት ላይ ቆጥ ተሠራ፤ በቆጡ ላይ ልጆች፣ ከሥር ወላጅ፣ በጓዳው ደባል። ቤቶቹ አርጅተዋል፣ መጸዳጃው የጋራ ነበር፤ ይህን ማንም ሊክደው አይገባም። ትምህርት ቤቶቹን የሞሉት ግን እነዚያ ቤቶች ናቸው። በአንድ ወቅት ክፍል ጠፍቶ ልጅ በፈረቃ፣ ግማሹ ጠዋት ግማሹ ከሰዓት ይማር ነበር።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሰውን ወደ ዳር መሳብ ጀመረ። ዕጣ የወጣለት ወጣት ቤተሰብ ልጁን ይዞ ሄደ፤ አያት ቀረች። ልደታና የአራት ኪሎው ባሻ ወልዴ ችሎት ቀድመው ፈረሱ። ከዚያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ተመረቀ፤ በመጋቢት የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ገባ። ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በሳምንታት ውስጥ ባዶ ሆነ። በ2017 መግቢያ ካዛንቺስ ተከተለ። የተነሡት የቀበሌ ተከራዮች እንደ ቦሌ አራብሳ ባሉ የከተማዋ ዳር ሰፈሮች የጋራ መኖሪያ ቤት ተሰጣቸው። የግል ባለይዞታው ካሳና ምትክ ቦታ ተባለለት። ደባሉስ? ደባል በመዝገብ የለም፤ ልጁ ግን በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ነበር።

መጋቢት የትምህርት ቤት ሰው ወር አይደለም። ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ገና የተጋመሰበት፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ለፈተና የሚዘጋጅበት ወቅት ነው። ስለዚህ ወላጅ ሦስት ምርጫ ነበረው፤ ልጁን ጎትቶ አዲስ ትምህርት ቤት ማስገባት፣ በአንበሳ አውቶቡስና በታክሲ ቅብብል ከዳር እስከ ፒያሳ ማመላለስ፣ ወይም እስከ ሰኔ ዘመድ ቤት ማስጠጋት። ሦስቱንም ያደረጉ አሉ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቶ ከአራብሳ የሚመጣ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ ሲያንቀላፋ መምህሩ ይቀሰቅሰዋል፤ ደግሞም ይተወዋል።

ቁጥሩ ላይ አንድ ሌላ ችግር አለ። ትምህርት ቢሮዎች «ጥቅል ተሳትፎ» የሚሉት ስሌት የተመዘገበውን ተማሪ ለትምህርት ዕድሜው ደርሷል ተብሎ ለሚገመተው ሕፃን ያካፍላል። በአዲስ አበባ ይህ ስሌት ከመቶ በላይ ሲወጣ ኖሯል። ምክንያቱ ዕድሜው ያለፈ ተማሪ መኖሩና ከዙሪያው የሚመጣ ልጅ መብዛቱ ነው፤ ሌላው ደግሞ አካፋዩ አርጅቷል። አገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝብ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ አዲስ አበባ ወደ 2.7 ሚሊዮን ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው፤ ትንበያ ደግሞ ዶሮ ማነቂያ እንደሚፈርስ አያውቅም።

ገንዘቡ ከየት ነው?

የመንግሥት ትምህርት ቤት ወጪ አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ እሱ በፋይናንስ በኩል በቀጥታ ይከፈላል፣ ርዕሰ መምህሩ አያየውም። ርዕሰ መምህሩ የሚያዝዝበት ቀሪው ነው። ሥራ ማስኬጃ የሚባለው በጀት አለ፤ ቾክ፣ ወረቀት፣ የጽዳት ዕቃ ይገዛል። «ስኩል ግራንት» አለ፤ የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራሙ በ2001 ዓ.ም. ሲጀመር አብሮ የመጣ በእያንዳንዱ ተማሪ ራስ የሚሰላ ድጎማ ነው። የውስጥ ገቢ አለ፤ አዳራሽ ያከራየ፣ ፎቶ ኮፒ የሚሠራ፣ አጥሩን ሱቅ ያደረገ ትምህርት ቤት ጥቂት ያገኛል። በ2015 የትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ ኅብረተሰቡ ትምህርት ቤቶችን እንዲያድስ ንቅናቄ ጀምሯል፤ እዚያም የሚሰጠው ያለው ሰው ነው። ባለሀብት የቀድሞ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ቀለም ይቀባል። የቀበሌ ቤት ልጆችን ያስተማረ ግን የቀድሞ ተማሪዎቹን በየት ይፈልጋቸው?

ማን ይክፈል የሚለው ክርክር አሮጌ ነው። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ተሻግሮ ያለው ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት ወጪው የቤተ መንግሥቱ ነበር፤ ተማሪዎቹም የመኳንንት ልጆች። እ.ኤ.አ. በ1947 መሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ። በ1966 ዓ.ም. የካቲት መምህራን አድማ ሲመቱ አንዱ ምክንያት «የትምህርት ሴክተር ሪቪው» የተባለው ጥናት ነበር፤ ሕዝቡ የደሃውን ልጅ በአራተኛ ክፍል ሊያስቀሩት ነው ብሎ ተረዳው።

ወደ ትንሹ ትምህርት ቤት እንመለስ። ሦስት መቶ ተማሪ ሲቀንስ ድጎማው በዚያው ልክ ይቀንሳል። የጥበቃው ደመወዝ፣ የውኃው ቆጣሪ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ ግን አይቀንሱም። የመምህሩ ጉዳይ ይብሳል። ሰባተኛና ስምንተኛ የሚማሩት በየትምህርቱ በሠለጠነ መምህር ነው። የክፍሉ ብዛት ከስድስት ወደ ሦስት ሲወርድ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህሩ የሳምንት ክፍለ ጊዜው አይሞላም። ያልሞላለት መምህር «ትርፍ» ይባላል፤ ድልድል ሲወጣ ወደ ሌላ ይሄዳል። እሱ ሲሄድ ትምህርቱን የስፖርት መምህሩ ደርቦ ይይዘዋል። ይህን ያየ ወላጅ በሚቀጥለው ክረምት መሸኛ ይጠይቃል፤ ቁጥሩ እንደገና ይወርዳል።

> ሦስት መቶ ተማሪ ሲቀንስ የሚያፈሰው ጣሪያ አይቀንስም።

ይህን ስታነሡባቸው የወረዳ ትምህርት ባለሙያዎች የሚሰጡት መልስ አለ፤ መናቅ የለበትም። ዳር ላይ፣ ተነሺዎቹ በሄዱበት፣ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት አራት ልጅ ይቀመጣል፤ መሀል ላይ ግማሽ ባዶ ክፍል ይዘን መምህር ብናስቀምጥ ማን ይፈርድልናል ይላሉ። የአገሪቱ መለኪያ ራሱ ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል ሃምሳ፣ ለሁለተኛ ደረጃ አርባ ልጅ ነው። ከዚያ በታች ያለ ክፍል በሪፖርታቸው ላይ ብክነት ሆኖ ይታያል። መምህራኑ ደግሞ በተቃራኒው፣ ሠላሳ ልጅ ሲሆን ነው እያንዳንዱን በስሙ ጠርቼ ደብተሩን የማርመው ይላሉ። እኔ ከመምህራኑ ጋር ነኝ።

ከጓዳው በኩል

ይህ ሁሉ እያለ ልጁን ግቢ ውስጥ ያቆየ አንድ ነገር ቢኖር ምገባው ነው። ከተማ አስተዳደሩ በ2012 ዓ.ም. የደንብ ልብስና ደብተር ማደል ሲጀምር የትምህርት ቤት ምገባንም በራሱ በጀት ያዘው፤ ዛሬ የራሱ ኤጀንሲ አለው። ከዚያ በፊት በበጎ አድራጎት የተጀመረና ለተመረጡ ችግረኛ ልጆች ብቻ የነበረ ነው። ለጥቂቶች ሲሆን የሚበላውና የማይበላው ይታወቅ ነበር፤ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ «ችግረኛ» ተብላ ከምትለይ ተርባ መዋል ትመርጣለች። ለሁሉም ሲሆን ያ ነውር ቀረ።

ጓዳው ውስጥ መጋቢ እናቶች የሚባሉት የሰፈሩ ሴቶች ናቸው፤ ተደራጅተው፣ ሽርጥና ነጭ የፀጉር መሸፈኛ አድርገው ከሌሊቱ ጀምሮ ይሠራሉ። ጠዋት ዳቦ በሻይ ወይም ቂንጨ፣ ምሳ ላይ እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ፣ አንዳንድ ቀን ሩዝ። ልጆቹ በየክፍላቸው ተሰልፈው እጃቸውን ታጥበው ይገባሉ፤ ትልልቆቹ ሰባተኛና ስምንተኛዎች መጨረሻ ላይ፣ ያልራባቸው መስለው። አንዷ መጋቢ ረጅሙን ልጅ ስታየው ሳይጠይቅ ትጨምርለታለች።

ምገባውም ግን በራስ ቁጥር ነው የሚሰላው። ልጅ ሲቀንስ ከመጋቢ እናቶቹም ይቀነሳል። እነሱም የፈረሰው ሰፈር ሰዎች ስለሆኑ አንዳንዶቹ ቀድመው ሄደዋል። የቀሩት በታክሲ እየተመላለሱ ይሠራሉ፤ የታክሲው ሒሳብ ከሚያገኙት ላይ ምን ያህል እንደሚወስድ መገመት አያቅትም።

ቺካጎ ምን ሆነ?

ሰፈር ፈርሶ ተማሪ ሲሳሳ ምን እንደሚከተል ሌላ አገር ታይቷል። ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ደሃ የሚኖርባቸውን የመንግሥት ፎቆች አፈረሰች፤ ሰፈሮቹ ሳሱ። እ.ኤ.አ. በ2013 የከተማዋ የትምህርት ቦርድ «ልጅ የላቸውም» ብሎ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ትምህርት ቤቶችን በአንድ ጊዜ ዘጋ። ከአምስት ዓመት በኋላ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ግን የመዘጋቱ ዜና በተሰማበት ዓመት የልጆቹ ውጤት እንደወረደ፣ የሒሳቡ ደግሞ ለዓመታት እንዳላገገመ አሳየ። ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ሰፈሮች ያዘኑት ወላጆች ብቻ አልነበሩም፤ መምህራኑም ነበሩ።

አዲስ አበባ እዚያ አልደረሰችም፤ መድረስም የለባትም። ፒያሳ ላይ የሚሠራው ሆቴልና ሱቅ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ሠራተኛው ልጅ አለው ወይም ይኖረዋል። ዛሬ ባዶ ነው ተብሎ ለሌላ አገልግሎት የተሰጠ የትምህርት ቤት ግቢ ከአሥር ዓመት በኋላ በአራዳ መሬት ዋጋ ተመልሶ አይገዛም።

ሊደረግ የሚችለው ነገር ውድ አይደለም። የመጀመሪያው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ቤተሰብ መነሣቱ ካልቀረ ከሰኔ ፈተና በኋላ፣ ክረምት ላይ ይነሣ። አፍራሽ ግብረ ኃይልም የትምህርት ካሌንደር ማንበብ ይችላል። ሁለተኛው፣ ተማሪው ስንትም ይሁን ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የማይነካ መነሻ በጀት ይኑረው፤ በራስ ቁጥር የሚሰላው ከዚያ በላይ ይጨመር። ሦስተኛው፣ ጎረቤት ትምህርት ቤቶችን የሚያገናኘው የጉድኝት ማዕከል አሁንም አለ፤ ክፍለ ጊዜ ያልሞላለትን መምህር «ትርፍ» ብሎ ከመንቀል ለሁለት ትምህርት ቤት እንዲያስተምር ማድረግ ይቻላል። ደባል ቤት ያደገውን ልጅ ደግሞ የቤት ቁጥር የለህም ብሎ ከመስኮቱ የሚመልስ ትምህርት ቤት እንዳይኖር መመሪያው በግልጽ ይጻፍ።

የቀረው የወላጅ ድርሻ ነው። በየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህራን ኅብረት አለ፤ በአጭሩ ወተመህ ይባላል። የትምህርት ቤቱ ገቢና ወጪ እዚያ ስብሰባ ላይ ይነበባል፤ የተማሪው ቁጥርም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ ወንበሩ ባዶ ነው፤ የመጡትም ለመዋጮ የተጠሩ መስሏቸው በር አጠገብ ይቀመጣሉ። ልጅዎ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ከሆነ በመስከረም ለሚጠራው ስብሰባ ይሂዱ። ስንት ልጅ እንደተመዘገበ፣ ስንት እንደለቀቀ፣ የለቀቁት የት እንደገቡ ይጠይቁ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር ያድርጉ።